ሻንጣችን ሰመር፣ ተራራው ክረምት

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 12 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 8። በዚህ ሰመር ለእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ እንመጣለን። ከሰርጉ በኋላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ለአምስት ቀን ባሌ ተራሮች ልንሄድ አስበናል። ሁለት ሌሊት ዲንሾ፣ አንድ ሌሊት ሪራ፣ ስንመለስ አንድ ሌሊት ሐዋሳ። ሻንጣዎቻችን ግን በሰው ዕቃ ጢም ብለዋል። አደራ ያልሰጠን ዘመድ የለም። ለተራራው ልብስ የቀረን አንድ መለስተኛ ሻንጣ ነው፤ ለአራት ሰው! ባለቤቴ ‹ሰመር አይደል እንዴ? ቲሸርትና አንድ አንድ ጃኬት ይበቃል› ይላል። እናቴ በስልክ ‹በክረምት ተራራ የሚወጣ ምን ነክቶት ነው?› ትላለች። ልጄ ከቁምጣ ሌላ አልለብስም ብሏል። ማንን ልስማ? ምን ልያዝ? ደግሞ እባካችሁ እርስዎ አትበሉኝ። እርስዎ ስባል ዞር ብዬ አማቴን ነው የምፈልገው።

ሻንጣ ያማረራት፣ ከሜሪላንድ»

መልስ፦

እሺ እህቴ፣ አንቺ ብያለሁ።

መጀመሪያ የቤታችሁን ክርክር ልዳኝ። ባልሽ ሰመር ሲል ልክ ነው። እናትሽም ክረምት ሲሉ ልክ ናቸው። ጣጣው ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ወር መሆኑ ነው። ትምህርት ቤት «ዊንተር ማለት ክረምት፣ ሰመር ማለት በጋ» ብለው አስተማሩን። ይህንኑ ይዘን ባሕር ተሻገርን። ሐምሌ ግን እዚህ አገር በጋ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ያንን የትምህርት ቤት ትርጉም እመኚውና ክረምት ማለት ዊንተር ነው ብለሽ ሸክፊ። ግን ግማሹን ብቻ። ለምን ግማሹን እንዳልኩ እመለስበታለሁ።

«ምን ነክቶት ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ባሌ በክረምት ያምራል። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ አበባው ብዙ ነው፣ ጎብኚው ጥቂት ነው። ቀይ ቀበሮ አድኖ የሚበላው በቀን ስለሆነ ጉሙ ሲገለጥ ሳኔቲ ላይ፣ ፓርኩ አናት ባለው ሜዳ፣ ፍልፈል ሲያሳድድ ልታዩት ትችላላችሁ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ልጆችሽ ለጓደኞቻቸው የሚያወሩት አያጡም። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ዲንሾ ወይም ሮቤ ያለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። የአየሩንም የሰላሙንም።

አሁን ወደ ልብሱ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ስትወጪ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሳኔቲ ሜዳ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ መኪና የሚወጣበት፣ 4,377 ሜትር ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ በቀን 20 ዲግሪ ብትሆን ሳኔቲ 10 ነው፤ በእናንተ ፋራናይት 50 መሆኑ ነው። «50 ምን አላት?» ትይኝ ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ በ50 ልጆች በቲሸርት ይሮጣሉ። ነገር ግን እዚያ ላይ ነፋስ ጨምሪበት። ጉም ጨምሪበት። ከሁሉም በላይ ውሃ ጨምሪበት።

ግማሹን ያልኩት ለዚህ ነው። የሳኔቲ ብርድ የሚብሰው በክረምት አይምሰልሽ። ውርጩ የበጋ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል የቀኑ ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሣሩ በረዶ ለብሶ ያነጋል። በሐምሌ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ከላይ ስለሚተኛ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። የክረምት ጠላትሽ እርጥበት ነው። ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ሙቀት ይነጥቃል። ደረቅ ሰው በ10 ዲግሪ ሲስቅ የረጠበ ሰው በዚያው 10 ዲግሪ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ጥር ላይ በረዶ የምትጠርጉበት ያ ወፍራም ካፖርት ይቅር። ሻንጣ ይበላል፣ ከራሰም አይደርቅም። የላባ ጃኬትም ቢሆን ላባው ሲርስ ተጣብቆ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሆናል። ካላችሁ በላባ ፈንታ በፖሊስተር የተሞላውን ያዙ።

እኔ ራሴ ሳኔቲን መጀመሪያ ያየሁት በጂንስና በቆዳ ጃኬት ነው። ጠዋት ጎባ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ለፎቶ ያምርብኛል ብዬ ነው። ከመኪና ወርደን ጅባራ ከሚባለው ረጅም ተክል ሥር ፎቶ ስንነሳ ደመናው ከየት እንደመጣ ሳላይ በረዶ ወረደ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጂንሱ እስከ ጭኔ ራሰ። መቀየሪያዬ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሻንጣው የመኪናው ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሸራ ደግሞ ቀዳዳ ነበረው። ማታ ማረፊያችን ደርሼ ሻንጣውን ስከፍት ፒጃማዬ ከለበስኩት ጂንስ ብሶ ጠበቀኝ። በፎጣ ተጠቅልዬ አደርኩ። ፎጣውም እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ሕግ ነው የምሸክፈው። አንድ ሙሉ ልብስ፣ ከካልሲ እስከ ሹራብ፣ ምንም ቢመጣ ደርቆ ይቆያል። ስሙን «የአደራ ልብስ» ብዬዋለሁ። አንቺ አደራ ምን እንደሆነ ዘንድሮ በደንብ ገብቶሻል። አደራ አይበላም። ይህም አይነካም። ቀን «ትንሽ በረደኝ» ተብሎ አይወጣም። የሚለበሰው ማታ፣ ከጣሪያ ሥር፣ እግር ከታጠበ በኋላ ብቻ ነው። ጠዋት ይወልቅና ወደ ላስቲኩ ይመለሳል፤ የትናንቱ እርጥብ ልብስ ተመልሶ ይለበሳል። አዎ፣ ይቀፋል። አሥር ደቂቃ ሲራመዱ ይሞቃል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ የጧት ቸኮሌት አስቀምጪ።

ላስቲክ ስል ወፍራሙን የቆሻሻ መጣያ ከረጢት ማለቴ ነው። ከዚያው አንድ ጥቅል ያዥ፤ ክብደት የለውም። የእያንዳንዳችሁ የአደራ ልብስ በየራሱ ከረጢት ይግባ፣ አፉ ይታሰር፣ ከዚያ ወደ ሻንጣ። የሻንጣውን ውሃ አያስገባም ባይነት አትመኚ። ዚፕ ባለበት ሁሉ ውሃ ይገባል።

ቀን የሚለበሰውስ? ጋቢን አስቢ። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጥ ሞቃት ስለሆነ አይደለም። አራት እጥፍ ስለሆነ ነው። በእጥፎቹ መካከል አየር ይታሰራል፤ የታሰረው አየር ነው የሚያሞቀው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ከመልበስ ሦስት ስስ መደረብ ይሻላል። ሲሞቅ አንዱን ታወልቂያለሽ፣ ሲበርድ ትመልሻለሽ።

ከሥር፣ ቆዳ የሚነካው፣ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብና ዝናብ ጠጥቶ ይዞ ይቀመጣል። ልጆችሽ ኳስ የሚጫወቱበት የፖሊስተር ማሊያ አላቸው አይደል? እሱ ነው። የልጅሽ የስፖርት ታይትም ያገለግላል። አዲስ ነገር አትግዢ። ከመሀል ፍሊስ ወይም ሱፍ። ሱፍ ስል ባልሽ ለሰርጉ ያሰፋውን ሱፍ ማለቴ እንዳልሆነ ንገሪው፤ የበግ ጠጉር ሹራብ ነው። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም ቶሎ ርጥብ ርጥብ አይልም፣ ማሞቁንም አያቆምም። የመንዝ ሰው በግ አርብቶ ባና የሚሠራው ወድዶ አይደለም።

ከላይ የዝናብ ጃኬት። ገንዘብ የምታወጪበት ነገር ካለ ይህ ብቻ ነው። «ውኃ ይከላከላል» የሚለውን ጽሑፍ አትመኚ። አንዳንዱ ጤዛ ይከላከላል፣ ዝናብ ሲመጣ ያስገባል። ወደ ውስጥ ገልብጠሽ ስፌቱን እዪ። በስፌቱ ላይ ስስ ቴፕ ተለጥፎበት ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ልጅሽን አልብሰሽ ሻወር ሥር አምስት ደቂቃ አቁሚው። ደስ ይለዋል። ትከሻው ላይ ርጥበት ከገባ ባሌ ላይ በአምስት ደቂቃ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ነው የሚገባው። ኮፍያው የማይወልቅ ይሁን። ጃንጥላ ለቦሌ ነው። ሳኔቲ ላይ ነፋሱ ገልብጦ የሳህን አንቴና ያደርገዋል።

ከጃኬቱ እኩል የሚያስፈልገውን ግን ማንም አይዝም፤ የዝናብ ሱሪ። ዝናብ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ለማየት ስትራመዱ ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፣ ውሃ ይዟል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሱሪሽ ይርሳል። ስስ የናይለን ሱሪ፣ ከላይ የሚደረብ፣ ተጠቅልሎ ጡጫ የሚያህል፣ ለአራታችሁ። ጂንሱን ለአዲስ አበባ ተዪው። ደግሞ በሐምሌ የተሰጣ ጂንስ አዲስ አበባም ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ እናትሽን ጠይቂ።

እነሆ ደግሞ ያላየሽው ነገር። ሻንጣ የለንም ትያለሽ። የሌላችሁ አውሮፕላን ላይ ነው እንጂ ባሌ ስትሄዱ አይደለም። ያን ጊዜ አደራው ለየባለቤቱ ተሰጥቷል፤ ሻንጣው ባዶውን አልጋ ሥር ተኝቷል። ስለዚህ ከሜሪላንድ የምትይዢው እዚህ በቀላሉ የማይገኘውን ብቻ ይሁን፦ የዝናብ ጃኬትና ሱሪ፣ የፖሊስተር የውስጥ ልብስ፣ የሱፍ ካልሲ። ይህ ለአራት ሰው መለስተኛ ሻንጣ ውስጥ ተዝናንቶ ይገባል። ፍሊሱን ሻንጣ ውስጥ እንደ ልብስ አታስገቢው፤ የሰው ሽቶና ብርጭቆ ጠቅልይበት። የተራራ ጫማችሁን እግራችሁ ላይ አድርጋችሁ ተሳፈሩ። ቀሪው አዲስ አበባ ይጠብቃችኋል። ወፍራም ሹራብ ከሰልባጅ ይገዛል። ጋቢ እናትሽ ቤት አለ።

ጋቢን በተመለከተ አንድ ነገር። ሁለት ያዙ፤ ለመኪናና ለማታ። ዝናብ ላይ ግን አይውጣ። የረጠበ ጋቢ ለሁለት ሰው ነው የሚጨመቀው፣ ባሌ ላይ ደግሞ የሚያደርቀው ፀሐይ የለም። የደጋ እረኛ ይህን ስለሚያውቅ ነው ከላይ በሣር የተጎነጎነ ገሳ የሚደርበው። የእናንተ ናይለን ያው ገሳ ነው።

ጫማ ላይ ስኒከር ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ። ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የተራራ ጫማ ያላችሁ ያንን ልበሱ፤ ለልጆቹ ግን እኔ ብሆን መርካቶ ቦቲ እገዛለሁ። የአገሬው ሰው ሁሉ በክረምት ቦቲ ነው የሚያደርገው፣ ምክንያት አለው። ቁጥሩ የአውሮፓ ስለሆነ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ በወፍራም ካልሲ እንዲለኩት። ስትመለሱ ለአካባቢው ልጆች ትታችሁላቸው ብትመጡ ሻንጣም ይቀላል። ካልሲ ግን አትቆጥቢ። ለሰው በቀን ሁለት ጥንድ፣ ከአደራው ውጪ። ሌላው ልብስ ቢደገም ማንም አይሞትም።

የረጠበ ጫማ ማታ ጋዜጣ ይሰገሰግበት፤ ከእራት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሪው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። ልብስ ለማድረቅም ሆነ ቤት ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል እንዳታስገቡ። በደግነት የሚያቀርብላችሁ ሰው ይኖራል። አመስግናችሁ ውጪ ይቀመጥ በሉ። ፍሙ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ በር ዘግቶ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል። በዚያ ፈንታ የልጆቹን የብረት ኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ ካልሲ አልብሰሽ እግራቸው ሥር ክተቺው። ድርቡ፣ ቴርሞስ መሳዩ ኮዳ ግን አያገለግልም፤ ሙቀቱን ለራሱ ይዞ ያድራል።

ልጆች ከትልቅ ሰው ቶሎ ይቀዘቅዛሉ፣ ደግሞ አይናገሩም። የሚቅበጠበጠው ልጅሽ ድንገት ጭምት ካለብሽ፣ ወይም ዚፑን መዝጋት ካቃተው፣ ሥነ ምግባር ያዘ ብለሽ ደስ አይበልሽ። መኪና ውስጥ አስገቢው፣ እርጥቡን አውልቂ፣ ጋቢ ውስጥ ጠቅልይው። የአደራ ልብስ ከማታ በፊት የሚነካው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ደግሞ ከፍታው ነው፤ ልብስ አይፈታውም፣ ወደ ታች መውረድ ነው።

ኮፍያ ሁለት ዓይነት ያዙ፤ የሹራብና ጥላ ያለው። ደመናው ሲሰነጠቅ የምትወጣው የተራራ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። ከሰርጉ ፎቶ በፊት ሳይሆን በኋላ መሄዳችሁ መልካም ነው፤ ያለበለዚያ ሙሽሪት ጎን የሚቆመው የባልሽ አፍንጫ ይላጥ ነበር። የፀሐይ ቅባትና ስስ ጓንትም አይቅር። በፈረስ ከሄዳችሁ ልጓም የያዘ እጅ ነው መጀመሪያ የሚደነዝዘው።

አሁን መኪናው። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ። በዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምትባለው፣ ከሄዳችሁ ጠዋት በሹራብ ተነስታችሁ እኩለ ቀን ላይ 1,600 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ሙቀት ነው፣ ሹራቡ ይወልቃል። ማታ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከሳኔቲ ወደ ሪራ ቁልቁል ስትወርዱ ከነፋስ ወደ ጉም፣ ከጉም ሐረና ጫካ ወዳለው ለስለስ ያለ እርጥብ አየር ትገባላችሁ። ልብስ የምትቀይሩት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይኑር፤ ጃኬት፣ የዝናብ ሱሪ፣ ኮፍያ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ እሱ ውስጥ ገብቶ እግራችሁ ሥር ይቀመጥ። ጣሪያ ላይ የተጫነ ልብስ የሌለ ልብስ ነው። ሾፌሩ «እዚያ ላይ ምንም አይሆንም» ይልሻል። ለኔም ብለውኝ ነበር።

ሰዓቱንም ልብስ አድርጊው። በክረምት ጧቱ ብዙ ጊዜ ይገለጣል፣ ደመናው ከእኩለ ቀን ወዲህ ይከማቻል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል። ሳኔቲን ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከጎባ ተነስታችሁ እዩት። ከዲንሾ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ በሌሊት መነሳት ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሜዳው ላይ ከእናንተ የሚረዝም ጅባራ ብቻ ስለሆነ ወደ መኪናው ግቡ።

የሰርጉ ልብስ፣ ሀበሻ ቀሚሱም የባልሽ ሱፍም፣ ከአዲስ አበባ አይውጣ። ይህ አያከራክርም።

የልጅሽን ቁምጣ ግን ያዥለት። ከሥሩ ታይት ለብሶ ከላይ የዝናብ ሱሪ ቢደርብበት ሳኔቲ ላይም ቁምጣ ለብሷል ማለት ነው፤ ቃሉን አላጠፈም። ብቻውን የሚለብሰው ባቱ ላይ፣ ለምሳ ስትቆሙ ነው።